ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ

ላፕቶፓችሁ አቦል ላይ ተከፍቶ በረካ ላይ ሚደርስ ከሆነ፣ ክሮም እስኪመጣ ስልክ አንስታችሁ ቲክቶክ ምታዩ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሃርድ ዲስኩ ነው፣ ኤስኤስዲ ሚባለው ደሞ በሱ ፋንታ ሚገባው ፈጣኑ ማስቀመጫ ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው፣ ኮንትሮል ሺፍት ኤስኬፕ አንድላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ሲመጣላችሁ ዲስክ ሚለው ስር እዩ፣ ምንም ሳትሰሩ 100% ላይ ተቸክሎ ሚቀር ከሆነ በቃ አገኛችሁት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ ደሞ ወዲያ ወዲህ እያለ ሚያነብ ክንድ አለ። አንድ ትልቅ ፊልም ኮፒ ስታደርጉ ክንዱ ብዙ ስለማይመላለስ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል፣ ክፉ አይባልም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ሚነበበው እዚም እዛም የተበታተነ በሺ ሚቆጠር ጥቃቅን ፋይል ነው፣ እዛ ላይ ያው ራሱ ዲስክ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳን ላይሞላ ይችላል። ኤስኤስዲ ክንድም ሳህንም የለው፣ ቺፕ ብቻ ነው፣ ስለዚ ርካሹ እንኳን እነዛን ጥቃቅን ፋይሎች በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያነባቸዋል። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ሱቅ ገብታችሁ ካርቶን ላይ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ምናምን ሚል ቁጥር አይታችሁ መጓጓታችሁ አይቀርም፣ እናንተ ምትፈልጉት ለውጥ ግን ከዛ ቁጥር አይመጣም፣ ከሃርድ ዲስክ በመውጣት ብቻ ነው ሚመጣው።

ራማችሁ ስንት እንደሆነም እግረመንገዳችሁን እዩት። 4 ጊጋ ከሆነና ብራችሁ ለሁለቱም ከበቃ ትንሽ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ በተረፈው ራሙን 8 አድርሱት፣ ከአንድ ትልቅ ኤስኤስዲ ይሄ ይሻላል። አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ኤስኤስዲው ይቅደም።

አሁን ወደ ዋናው። ኤስኤስዲ ስጠኝ ብሎ ሱቅ መግባት ጫማ ስጠኝ ብሎ ቁጥር እንዳለመናገር ነው። መጀመሪያ ማሽናችሁ ምን አይነት ቀዳዳ እንዳለው ነው ማወቅ ያለባችሁ። ሞዴሉ ከስር ተለጥፎ ይገኛል፣ ከጠፋ ደሞ ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ፈልጉ፣ ይነግራችኋል። ከዛ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ዩቱብ ላይ ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት ነው፣ ለነዚ በየሱቁ ለሞሉት ዩዝድ ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮዎች ቪዲዮ የሌለው ሞዴል ማግኘት ይከብዳል።

በብዛት ሚያጋጥማችሁ 2.5 ኢንች ሳታ ነው፣ ማለትም የድሮው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በሱ ቦታ ሚገባው ጠፍጣፋ ሳጥን። 2.5 ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ሁሉም ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። ሳታ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር ሚገናኝበት መስመር ነው፣ ሳታ 3 ቢበዛ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው ሚሄደው፣ ከ2011 በፊት የወጡት ብዙዎቹ ደሞ ሳታ 2 ናቸው፣ እነሱ ላይ ግማሹን ብታገኙ ነው። ግማሹም ቢሆን ከሃርድ ዲስክ ጋር ስታነጻጽሩት ሌላ ማሽን ነው ሚሆነው፣ ዋናው ለንደዚ አይነት ላፕቶፕ ውድ ኤስኤስዲ አለመግዛት ነው። ውፍረትም አለ፣ ያሁኑ ኤስኤስዲዎች 7 ሚሊ ናቸው፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ 9.5 ነው፣ ስለዚ ሲገባ ሊላወስ ይችላል፣ በድሮው ዲስክ ላይ ያለውን የብረት ቅንፍ ፈታችሁ አዲሱ ላይ ብታስሩት ያስተካክለዋል፣ አንዳንዱ ካርቶን ውስጥም ለዚሁ ሚሆን የፕላስቲክ ፍሬም ይመጣል። ቅንፉን ከነብሎኑ ሚጥሉ ጠጋኞች አሉ፣ አስመልሱ።

ሁለተኛው ኤም.2 ነው፣ ማስቲካ ሚመስለው ቀጭኑ። ሰው ገንዘቡን ሚያባክነው እዚ ጋር ነው ምክንያቱም ቅርጹ አንድ ሆኖ ውስጡ ሁለት ነው፣ ኤም.2 ሳታ አለ፣ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ አለ፣ ኤንቪኤምኢ ከሳታ ሚፈጥነው አዲሱ መስመር ነው። ወርቃማው ጥርሱ ላይ እዩ፣ ሁለት ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ በአብዛኛው ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ኤንቪኤምኢ ነው። በአብዛኛው ያልኩት ሁለት ስንጥቅ ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ ነው፣ ስለዚ ስቲከሩን ሳታነቡ አትክፈሉ። ሳታ ብቻ ሚቀበል ቀዳዳ ውስጥ ኤንቪኤምኢ ብትሰኩ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ጭራሽ አያየውም፣ ተበላሽቷል ብላችሁ ከሻጩ ጋር ትጣላላችሁ፣ እቃው ግን ደህና ነው። ቀጥሎ ርዝመት ነው። 2280 ማለት ወርዱ 22 ሚሊ ቁመቱ 80 ሚሊ፣ 2242 ማለት ቁመቱ 42፣ 2230 ደሞ 30። ማዘርቦርዱ ላይ ብሎኑ ሚታሰርበት ቦታ የቱ ጋ እንዳለ አይታችሁ ነው ምትገዙት።

አንዳንዱ ሁለቱም አለው፣ ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የ2.5 ቦታም ኤም.2 2280ም አለው፣ ስለዚ ኤስኤስዲውን ኤም.2 ላይ አድርጎ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ለፊልም እዛው መተው ይቻላል። ዴል ላቲቲዩድ ኢ7470 ደሞ የ2.5 ቦታ ሚባል የለውም፣ ኤም.2 ብቻ። የቲንክፓድ ቲ430 ባለቤቶች ኤምሳታ ሚባል አጭር ቀዳዳ ታገኛላችሁ፣ ይሰራል፣ ግን ሳታ 2 ነው፣ ዋናው የሃርድ ዲስክ ቦታ ሳታ 3 ስለሆነ እዛው ላይ 2.5 ብታስገቡ ፍጥነቱም ይሻላል፣ በኋላ ሌላ ላፕቶፕ ላይም ትጠቀሙበታላችሁ።

ማክ ላይ ተጠንቀቁ። የ2012ቱ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ሬቲና ያልሆነው ወፍራሙ፣ 2.5 ሳታ ይቀበላል፣ እሱ ላይ ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርድ ሚሄደው ስስ ኬብል ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ አዲሱ ኤስኤስዲ ኤረር ካበዛ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ከ2013 እስከ 2017 ያለው ማክቡክ ኤር የአፕል የራሱ ቀዳዳ ነው፣ አዳፕተር ይፈልጋል፣ ኤንቪኤምኢ ለማስገባት ደሞ ማክኦኤሱ ቢያንስ ሃይ ሲየራ መሆን አለበት። ከ2018 ወዲህ ያለው ኤር ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ እርሱት። እንዲሁም ኢኤምኤምሲ ሚባል 32 ወይ 64 ጊጋ ማስቀመጫ ቺፕ የተበየደባቸው ቀጫጭን ርካሽ ላፕቶፖች አሉ፣ ብዙዎቹ ተጨማሪ ቀዳዳ የላቸውም፣ ሳትከፍቱ ምንም አትግዙ።

መጠን። 120 ወይ 128 ጊጋ ሲሰኩት ዊንዶውስ ላይ 111 ወይ 119 ሆኖ ነው ሚታየው፣ 240ው 223፣ 256ቱ 238፣ አልተሰረቃችሁም፣ ፋብሪካውና ዊንዶውስ ጊጋን ሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ዊንዶውሱ ከነአፕዴቱ ከ30 ጊጋ በላይ ይወስዳል፣ ኦፊስ ጨምሩበት፣ ዳውንሎድ ፎልደሩን ማንም አያጸዳም፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ብቻውን ስንት ጊጋ እንደሚበላ ያየ ያውቃል። ስለዚ 120 ሚበቃው ፒችትሪና ኤክሴል ብቻ ለሚሰራበት የቢሮ ማሽን ወይ ለሱቅ ሂሳብ መመዝገቢያ ነው። ለተማሪና ለመደበኛ ሰው 240 ወይ 256 ውሰዱ። ከ120ው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይደለም፣ በጊጋ ስታሰሉት 120ው ራሱ ነው ሚወደደው፣ በዛ ላይ ትንሹ ውስጥ ቺፑ ስለሚያንስ መጻፍ ላይ ቀሰስተኛ ነው። ቪዲዮ ኤዲት ምታደርጉ፣ አውቶካድ ምትጠቀሙ ወደ 480 ወይ 512 ሂዱ። ፊልምና የሰርግ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ብላችሁ ግን ትልቅ አትግዙ፣ እሱ ለሃርድ ዲስክ ይተው።

ደሞ ሞልታችሁ አትጠቀሙበት፣ ከ10 እስከ 20% ባዶ ይሁን፣ ኤስኤስዲ ሲሞላ ይንቀራፈፋል።

ብራንዱ ላይ ርካሽና ሰው የፈተናቸው ኪንግስተን ኤ400፣ ክሩሻል ቢኤክስ500፣ ደብሊውዲ ግሪን ናቸው። ሶስቱም ዲራም ሚባለው የራሳቸው ሜሞሪ የላቸውም፣ ትርጉሙ ትልቅ ፋይል በአንዴ ስትጭኑባቸው መጀመሪያ ይሮጡና መሃል ላይ ሊወርዱ ይችላሉ፣ ለዊንዶውስና ለኦፊስ ግን ምንም ማለት አይደለም። ከፍ ልበል ካላችሁ ሳምሰንግ 870 ኢቮ አለ፣ ዲራም አለው፣ ዋስትናው 5 አመት ነው፣ የኤ400 3 አመት። እኔ ግን ለአሮጌ ላፕቶፕ 870 ኢቮ ግዙ አልልም፣ ልዩነቱን አታዩትም፣ ብሩን ራም ላይ አድርጉት። ኤንቪኤምኢ ቀዳዳ ካላችሁ ደሞ ኪንግስተን ኤንቪ2 ወይም ደብሊውዲ ብሉ ኤስኤን570፣ ኤስኤን580 አይነቶቹ ይበቃሉ። ጄን ማለት የመስመሩ ትውልድ ነው፣ ጄን 4 ሚል ዲስክ ጄን 3 ቀዳዳ ላይ ይሰራል፣ በጄን 3 ፍጥነት ነው ሚሄደው፣ ዋጋው እኩል ካልሆነ ለጄን 4 አትክፈሉ። ኔታክ ሌክሳር ምናምን ሚባሉትን ቻይናዎች ሰው ያጣጥላል፣ ለኔ ችግር የለባቸውም፣ ጭራሽ ስሙን ሰምታችሁት ከማታውቁት ነው መሸሽ።

ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል ሚሉ ሰዎች አሉ። አምራቹ ቲቢደብሊው ብሎ ሚጽፈው ቁጥር አለ፣ በጠቅላላ ስንት ቴራ ቢጻፍበት ዋስትና እንደሚሰጥ ነው ሚነግራችሁ። የኤ400 240ው 80 ቴራ ነው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፉበት፣ እሱም ለተራ ተጠቃሚ ብዙ ነው፣ 4000 ቀን ማለት ነው፣ ወደ 11 አመት። ላፕቶፑ ቀድሞ ነው ሚሞተው። ርካሽ ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ስላለቀ አይደለም፣ ኮንትሮለር ሚባለው ቺፕ ይሄድና በአንድ ቀን ድምጹን ያጠፋል። ሃርድ ዲስክ እኮ ቀጭ ቀጭ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ይሄ ምንም አይልም፣ ጠዋት ስትከፍቱት የለም። የመመረቂያ ጽሁፍ ምትሰሩ ልጆች፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይም ጎግል ድራይቭ ላይም አድርጉት።

መብራትም አንድ ጉዳይ ነው። ርካሾቹ መብራት ድንገት ሲሄድ ጀምረውት የነበረውን ሚያስጨርስ መጠባበቂያ የላቸውም፣ ስለዚ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ ስትጠቀሙ ፋይል ሊበላሽ፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ አልነሳ ሊል ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪው ዩፒኤሱ ነው፣ ግን ቻርጀር ሲነቀል ወዲያው ሚጠፋ የሞተ ባትሪ ይዛችሁ ከሆነ እናንተም ዴስክቶፕ ላይ ናችሁ።

ዩዝድስ? እንዳውም ከላፕቶፕ የወጡ የሳምሰንግ፣ የኤስኬ ሃይኒክስ፣ የቶሺባ ኤስኤስዲዎች ይገኛሉ፣ ካርቶን የላቸውም፣ ስቲከራቸው ላይ የዴል ወይ የኤችፒ ስም ሊኖር ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ስም የለሽ በጣም ይሻላሉ። ግን ክሪስታልዲስክኢንፎ ሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ እፊታችሁ ይሰካላችሁ። ከላይ በግራ ሄልዝ ስታተስ በፐርሰንት አለ፣ 90 ከሆነ ደስ ይላል፣ 60 ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት። በቀኝ በኩል ፓወር ኦን አወርስ ስንት ሰዓት እንደሰራ፣ ቶታል ሆስት ራይትስ ደሞ ስንት ጊጋ እንደተጻፈበት ይነግራችኋል። 8000 ሰዓት አያስደንግጣችሁ፣ ሚያስደነግጠው ዩዝድ ነው እየተባለ 2 ሰዓት ሚል ነው፣ ያ ቁጥሩ የተነካካ ነው። ሻጩ አልሰካም ካለ ደሞ መልስ ሰጥቷችኋል፣ ቻው ብላችሁ ውጡ።

ፎርጅዱ በጣም የበዛው ኤክስተርናል ላይ ነው፣ ባለ 2 ቴራ፣ ባለ 16 ቴራ ፖርተብል ኤስኤስዲ ተብሎ በሚያስቅ ዋጋ ቴሌግራም ላይ ሚለጠፈው። ሲከፈት ውስጡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ነው ያለው፣ ዊንዶውስ ላይ ግን 2 ቴራ ብሎ እንዲያሳይ ተሰርቷል፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ ፋይል የድሮውን እየበላ ይሄዳል። ኤችቱቴስትደብሊው ሚባል ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነተኛውን መጠን ያወጣዋል፣ ጊዜ ስለሚወስድ ሱቅ ውስጥ አይሆንም፣ ቤት ሄጄ ፈትኜ ችግር ካለው እመልሳለሁ ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሳምሰንግ ከሆነ ሳምሰንግ ማጂሽያን ሚባለው የራሳቸው ሶፍትዌር ኦርጂናል መሆኑን ያጣራል። ክብደቱ ቀለል ካለ ፌክ ነው ሚባለው ግን ተረት ነው፣ ኦርጂናሉ 2.5ም ሲከፈት ውስጡ ያለው ቦርድ ትንሽዬ ነው፣ የቀረው ባዶ ሳጥን ነው።

ውጪ ያለ ዘመድ ሚያመጣላችሁ ከሆነ ኤስኤስዲ አምጣልኝ ብቻ አትበሉ። ኤም.2 2280 ኤንቪኤምኢ 500 ጊጋ፣ ወይ 2.5 ሳታ 240 ጊጋ ብላችሁ ጽፋችሁ የሞዴሉን ፎቶ ላኩ፣ አለበለዚያ ሰውየው ዱባይ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሻጩ የሰጠውን ነው ይዞ ሚመጣው። ሲበላሽ ዋስትናው እዛው የተገዛበት አገር እንደሆነም እወቁ።

መግጠሙ ካቻቢቴ ከያዛችሁ እራሳችሁ ምትሰሩት ነገር ነው። መጀመሪያ ፋይላችሁን ባክአፕ አድርጉ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ አጥፉት ወይ ሪከቨሪ ኪዩን ጽፋችሁ ያዙ። ከዛ ሁለት መንገድ አለ። ያለውን ዊንዶውስ እንዳለ ማዛወር ከፈለጋችሁ ኪንግስተንም ክሩሻልም ደብሊውዲም ለራሳቸው ዲስክ ሚሆን የአክሮኒስ ሶፍትዌር በነጻ ይሰጣሉ፣ ከ500 ሃርድ ዲስክ ወደ 240 ኤስኤስዲ ስታዛውሩ ያጠበዋል፣ የተጠቀማችሁት ቦታ ከ240ው እስካልበለጠ ድረስ። ክሎንዚላም ነጻ ነው፣ እሱ ግን አዲሱ ዲስክ ከድሮው እንዳያንስ ስለሚፈልግ ለንደዚ አይነቱ ያስቸግራል። እኔ ምመርጠው ሩፈስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅቶ እንደ አዲስ መጫን ነው፣ አመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ይዞ መሄድ ምን ይሰራል። አክቲቬት የነበረ ዊንዶውስ ላይሰንሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ከሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ሚነቀል ከሆነ ንቀሉት፣ ውስጥ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የሱን ኬብል አላቁ። 2.5ውን ስታወጡ ወደ ጎን ሳብ ነው እንጂ ወደ ላይ አታንሱት፣ ጥርሱ ይሰበራል። ኤም.2ው ደሞ ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይገባና ወደ ታች ተጭናችሁ በብሎን ነው ሚታሰረው፣ ብሎኑ ከላፕቶፑ ጋር ላይኖር ስለሚችል ከሱቅ ስትወጡ ጠይቁ። ሁለት ዲስክ ሚኖራችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ሲጫን የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጡት፣ አለበለዚያ ማስነሻውን እሱ ላይ ይጽፍና በኋላ ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ላፕቶፑ አልነሳም ይላል። ባዮስ ውስጥ ሳታው አይዲኢ ሚባለው የድሮ አሰራር ላይ ከሆነ ከመጫናችሁ በፊት ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አዲሱ ቀይሩት። 11ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ፕሮሰሰርና ከዛ በላይ ያላችሁ ደሞ ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስክ የለም ሊላችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨር ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሎድ ድራይቨር ሚለውን ስትነኩ ብቅ ይላል።

የዊንዶውስ 10 ሰፖርት በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል፣ ማለትም መደበኛው የደህንነት አፕዴት ቀርቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ በይፋ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል አይቀበልም። ስለዚ 3ኛ 4ኛ ጄኔሬሽን ያላችሁ ላፕቶፑን ለባንክና ለመሳሰሉት ምትጠቀሙበት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ሚባለውን ነጻ የዊንዶውስ ምትክ ሞክሩት፣ ኤስኤስዲ ላይ ማሽኑን አያከብድም። ዲፍራግ ሚባለውን፣ የተበታተነ ፋይል ማሰባሰቡን፣ የድሮ ልማድ ተዉት፣ ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን አውቆ በራሱ ትሪም ያደርጋል፣ ማለትም የተሰረዘ ፋይል የነበረበትን ቦታ ለኤስኤስዲው ያሳውቃል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ቢያንስ አንድ ወር ፎርማት አታድርጉት፣ ሳታዛውሩት የረሳችሁት ፎልደር ሊኖር ይችላል። ከዛ ዩኤስቢ 3 መያዣ ገዝታችሁ ኤክስተርናል አድርጉት፣ ወይ ሲዲ ማጫወቻው ቦታ በሚገባ ካዲ ሚባል ፍሬም ላፕቶፑ ውስጥ መልሱት፣ ካዲ 9.5ም 12.7 ሚሊም ስላለ ሲዲውን አውጥታችሁ ለኩት። የቤተሰብ ፎቶ አመት ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ሚቀመጥ ከሆነ እሱ ላይ ይሁን፣ ኤስኤስዲ መብራት ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን ሊለቅ ይችላል።